ወስፌ ያልፈራው ኒውተን ምን ፈራ?

ደፋር ናችሁ ወይስ ፈሪ?

ለዚህ ጥያቄ አብዛኞቻችን መልስ አናጣም። አንዱ ሪስክ መውሰድ እንደሚወድ ይናገራል፣ ሌላው ጥንቁቅ ነኝ ባይ ነው። ግን እስቲ በዙሪያችን ያሉትን ሰዎች ልብ ብለን እንይ። ያለ ሄልሜት ሞተር የሚጋልበው ጎረምሳ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ መጠየቅ ያስፈራዋል። ከባንክ መበደር እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ደመወዝ በወጣ ማግስት ለኳስ ውርርድ ብሩን ሳያመነታ ያወጣል። ታዲያ እነዚህን ሰዎች ምን እንበላቸው? ደፋር? ፈሪ?

ዛሬ የምናወራላችሁ ሰው ይህን ጥያቄ የባሰ ያወሳስበዋል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሦስት ሕጎቹ ተማሪውን ሁሉ ሲያስጨንቅ የኖረው አይዛክ ኒውተን ነው። ወሬያችን ግን ስለ ፊዚክሱ አይደለም። ይህ ሰው በ84 ዓመት ዕድሜው ምን ደፈረ፣ ምን ፈራ፣ ድፍረቱና ፍርሃቱስ ምን አስከፈለው የሚለውን ነው የምናየው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልን።

አባቱን ያላየው ልጅ

ኒውተን የተወለደው በ1642 በገና ቀን፣ በእንግሊዝ አገር ዉልስቶርፕ በምትባል የገጠር መንደር ነው። አባቱ ስሙን እንኳ መጻፍ የማይችል ገበሬ ነበር። እሱም ልጁ ከመወለዱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ሞተ። ሕፃኑ ያለ ጊዜው የተወለደና በጣም ትንሽ ስለነበር ይተርፋል ብሎ የገመተ አልነበረም።

ሦስት ዓመት ሲሞላው እናቱ ሐና በዕድሜ የገፉ ቄስ አገባችና ልጇን ለአያቱ ትታ ወደ ባሏ ቤት ሄደች። ተመልሳ የመጣችው ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ልጁ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ኒውተን ይህን በቀላሉ የረሳው አይመስልም። በ19 ዓመቱ ኃጢአቶቹን አንድ በአንድ በማስታወሻው ሲዘረዝር፣ እናቱንና የእንጀራ አባቱን ከነቤታቸው አቃጥላለሁ ብሎ መዛቱን አስፍሯል።

በ17 ዓመቱ እናቱ ከትምህርት ቤት አስወጥታ እርሻውን እንዲይዝ አደረገችው። ጉድ ነው የሆነው። እሱ መጽሐፉን ይዞ ሲቀመጥ ከብቱ የሰው ማሳ ይገባል፣ ቅጣቱ ይመጣል። በመጨረሻ አጎቱና መምህሩ እናቱን አግባብተው ወደ ትምህርቱ መለሱት። በ1661 ካምብሪጅ፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። የገባው ግን የሀብታም ልጆችን እያገለገለ ከሚማሩት ወገን ሆኖ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንያዝ። ኒውተን በተማሪነቱ ከገንዘብ ጋር የነበረው ግንኙነት ጥብቅ ነበር። ወጪውን በሳንቲም ደረጃ ይመዘግባል፣ ለጓደኞቹ ብር ያበድራል፣ ማን እንደመለሰና ማን እንዳልመለሰ ይጽፋል። በወጪ መዝገቡ ውስጥ በካርታ ጨዋታ የተበላውን ገንዘብ እንኳ ሳይደብቅ አስፍሮታል። ቆጣቢ፣ ጥንቁቅ፣ ሒሳብ አዋቂ። ይህን ሰው በልባችሁ አስቀምጡት፣ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ወስፌው

በ1665 ወረርሽኝ መጣ። ለንደን ውስጥ ሰው በአሥር ሺዎች ረገፈ፣ ካምብሪጅም ተዘጋ። ኒውተን ወደ መንደሩ ተመለሰና ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አብዛኛውን ቀን እዚያው አሳለፈ። በኮቪድ ጊዜ ቤት ተዘግተን ምን ሠራን ብለን ብንጠይቅ መልሱ ያሳፍረን ይሆናል። እሱ ግን ካልኩለስን ጀመረ፣ ብርሃንን መመርመር ጀመረ፣ ስለ ስበት ማሰብ ጀመረ። ስለ ፖሟ ራሱ በስተርጅናው ለወዳጆቹ አውርቷል፤ ጭንቅላቱን መታችው የሚለው ግን ሰው የጨመረበት ነው።

በእነዚያ ዓመታት ያደረገውን አንድ ሙከራ ስናነብ ግን ዓይናችንን ጨፍነን ነበር። ኒውተን ቀለም የምናየው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ስለዚህ ወስፌ የሚመስል ደነዝ መርፌ አነሳና በዓይኑ ብሌንና በአጥንቱ መካከል ከተተው። እስከቻለው ድረስ ወደ ኋላ ገፋው። ከዚያ ብሌኑን እየተጫነ የሚታዩትን ነጭ፣ ጥቁርና ባለ ቀለም ክቦች መዘገበ። ሥዕሉን ሳይቀር በማስታወሻው ላይ አስቀምጦልናል።

በሌላ ጊዜ ደግሞ በመስታወት ውስጥ የሚታየውን ፀሐይ በአንድ ዓይኑ አፍጥጦ ተመለከተ፤ ደጋግሞ። የፀሐይዋ ምስል ከዓይኑ አልጠፋ ስላለው ለጥቂት ቀናት ጨለማ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ መቀመጥ ግድ ሆነበት።

ዘመኑን አስቡት። አንቲባዮቲክ የለም፣ የዓይን ቀዶ ሕክምና የሚባል የረባ ነገር የለም። ዓይኑ ቢመረቅዝ አበቃ። አንባቢ የሆነ ሰው ዓይኑን አጣ ማለት ሕይወቱን አጣ ማለት ነው። እና ይህን ሰው ደፋር ከማለት ሌላ ምን እንለዋለን? እንዲያውም ከድፍረትም ያለፈ ነው።

ቆይ ግን።

ወረቀቱ

በ1669፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ ካምብሪጅ ውስጥ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1671 መጨረሻ በገዛ እጁ የሠራው ትንሽ ቴሌስኮፕ ለንደን ወደሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ ደረሰና ሁሉንም አስደነቀ። ወዲያው አባል አደረጉት። እሱም በ1672 ስለ ብርሃንና ስለ ቀለም የጻፈውን ላከላቸው። ነጭ ብርሃን የብዙ ቀለሞች ድብልቅ መሆኑን የሚያሳየውን ማለት ነው።

ሮበርት ሁክ የሚባል አንድ የታወቀ ሳይንቲስት ጽሑፉን ተቸው። ሌሎችም ጥያቄ አነሱ። ለማንኛውም ተመራማሪ ይህ የተለመደ ነገር ነው። ለኒውተን ግን የዓለም መጨረሻ ሆነበት። ተናደደ፣ ረጃጅም መልስ ጻፈ፣ በዓመቱ ከሶሳይቲው አባልነት ልልቀቅ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ቀስ በቀስ በሩን ዘጋ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ ወረቀት ማሳተም ሲባል ይሸሽ ጀመር። ስለ ብርሃን የጻፈውን ትልቁን መጽሐፍ ያወጣው በ1704 ነው፤ ሁክ በ1703 ከሞተ በኋላ!

ይህ ፍርሃት ዋጋ አስከፍሎታል። ካልኩለስን ኒውተን በ1660ዎቹ ሠርቶት ነበር፣ ግን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ጀርመናዊው ላይብኒዝ በራሱ መንገድ ደረሰበትና በ1684 አሳተመው። ከዚያ የማን ነው የሚለው ጠብ የሁለቱንም የመጨረሻ ዓመታት መራራ አደረገው። በ1712 ሮያል ሶሳይቲ አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ ለኒውተን ፈረደለት። ችግሩ የሶሳይቲው ፕሬዚዳንት ኒውተን ራሱ ነበር፤ የኮሚቴውን ሪፖርትም በድብቅ ያዘጋጀው እሱ ነው። ዛሬ የታሪክ ባለሙያዎች ሁለቱም ለየብቻቸው እንደደረሱበት ይስማማሉ። በጊዜው አንድ ቀጭን ወረቀት ቢያሳትም ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

እንግዲህ አያችሁ? ዓይኑ ሥር ወስፌ የከተተው ሰው ወረቀቱን ሰው እንዳያይበት ፈራ።

እኛ እንደሚመስለን ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው አደጋን የሚመዝነው በጉዳቱ መጠን ብቻ አይደለም፤ በጉዳቱ ዓይነትም ነው። የዓይኑ ሕመም የራሱ ነው። መርፌውን የያዘው እሱ ነው፣ ሲበቃው ያወጣዋል፣ ማንም አያይም። ትችት ግን ከሌላ ሰው እጅ ይመጣል፣ በሰው ፊት ነው፣ መቼ እንደሚቆም አይታወቅም። እኛ አገር ለዚህ የሚሆን ጥሩ ቃል አለን፤ ይሉኝታ። ኒውተን አማርኛ ባያውቅም ይሉኝታን በደንብ ያውቀዋል።

የደበቀው እምነት

ፍርሃት ሁሉ ግን ድክመት አይደለም። የኒውተን ሌላው ትልቅ ምስጢር ይህን ያሳየናል።

ኒውተን ስለ ሃይማኖት ያለ ማቋረጥ ያነብና ይጽፍ ነበር። በዚህ ጥናቱ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወጣ፤ የሥላሴን ትምህርት አልቀበልም አለ። ይህ ደግሞ በዘመኑ ሕግ ከባድ ወንጀል ነው። የሚያስተምርበት ኮሌጅ ስሙ ራሱ ሥላሴ ማለት መሆኑን አትርሱ! በዚያ ላይ የኮሌጁ አባል ሆኖ ለመቀጠል ቅስና መቀበል ግዴታ ነበር። በ1675 ከንጉሡ ልዩ ፈቃድ መጣና ከቅስናው ነፃ ሆነ፤ እምነቱን ግን ከጥቂት ከሚያምናቸው ሰዎች በቀር ለማንም ሳይናገር ሞተ።

ፈሪ ነበር? የሌሎቹን ዕጣ እንይ። በ1697 ኤደንብራ ከተማ ውስጥ ቶማስ ኤይከንሄድ የተባለ የ20 ዓመት ተማሪ ሃይማኖትን ተሳድቧል ተብሎ ተሰቀለ። ካምብሪጅ ላይ የኒውተንን ወንበር የተረከበው ዊልያም ዊስተን ተመሳሳይ እምነቱን በአደባባይ በመናገሩ በ1710 ከዩኒቨርሲቲው ተባረረ። ስለዚህ እዚህ ላይ የኒውተን ፍርሃት ልኩን የጠበቀ ነበር። አደጋው እውነተኛ ነው፣ ጉዳቱ የማይመለስ ነው፣ ዝም ማለት ደግሞ በእጁ ነው። የሁክ ትችትና የኤይከንሄድ ገመድ አንድ አይደሉም። ኒውተን ግን ሁለቱንም በእኩል ሸሽቷቸዋል።

ሌላው ሰው ኪሱን ሲከፍት

በ1684 ኤድመንድ ሃሌይ ካምብሪጅ መጣ። አዎ፣ ጅራታሙ ኮከብ በስሙ የተጠራለት ሃሌይ ነው። ፕላኔቶች የሚዞሩበትን ቅርጽ በተመለከተ አንድ ጥያቄ ጠየቀው። ኒውተን ቅርጹ ሞላላ መሆኑን አስልቼ ጨርሻለሁ አለው። ማስረጃውን ሲፈልግ ግን ከወረቀቶቹ መካከል አጣው! የዓለምን ትልቁን እንቆቅልሽ ፈትቶ ወረቀቱ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም።

ሃሌይ ግን አልለቀቀውም። አባበለው፣ ገፋፋው፣ ሁክ እንደገና ሲነሳና ኒውተን ተቆጥቶ የመጽሐፉን ሦስተኛ ክፍል አላወጣም ሲል አረጋጋው። ማሳተሚያ ገንዘብ ሲፈለግ ደግሞ ሮያል ሶሳይቲ ካዝናው ባዶ ነበር። ለምን ቢሉ፣ ስለ ዓሣዎች የተጻፈ በሥዕል ያጌጠ ውድ መጽሐፍ አሳትሞ ሳይሸጥለት ቀርቶ ነው። ሃሌይ ከራሱ ኪስ ከፈለ። እሱ ራሱ በዚያን ጊዜ የተረፈው ሰው አልነበረም። ፕሪንሲፒያ በ1687 ታተመ፣ ዓለምም ተለወጠ። ሃሌይስ? ሶሳይቲው ደመወዙን መክፈል ሲያቅተው ያልተሸጡትን የዓሣ መጻሕፍት ሰጠው።

ሁለቱን ሰዎች ስናስተያይ አንዱ ሊቅ ነው፣ ሌላው ሪስኩን የተሸከመ ነው። አንዱ ያለ ሌላው የትም አይደርስም ነበር።

ዳኛው ፊት

አሁን ደግሞ ታሪኩ ይገለበጣል። በዚያው በ1687 ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛ አንድ የካቶሊክ መነኩሴ የግድ የሚባለውን ቃለ መሐላ ሳይፈጽም ከካምብሪጅ ዲግሪ እንዲሰጠው አዘዘ። ዩኒቨርሲቲው እምቢ አለ። ተወካዮቹ ዳኛ ጄፍሪስ ፊት እንዲቀርቡ ተጠሩ። ይህ ዳኛ ከሁለት ዓመት በፊት በንጉሡ ላይ ያመፁትን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሞት የቀጣ፣ ስሙ ብቻ የሚያስደነግጥ ሰው ነው።

ከተወካዮቹ አንዱ ማን ነበር? ያ በአንድ ትችት በሩን የዘጋው ኒውተን። ባልደረቦቹ ሽማግሌ መሰል ስምምነት ሊቀበሉ ሲያመነቱ፣ አይሆንም ብሎ የተከራከረው እሱ ነበር። የዩኒቨርሲቲው መሪ ከሥልጣኑ ተባረረ፣ ሌሎቹ በማስጠንቀቂያ ተለቀቁ። በቀጣዩ ዓመት ንጉሡ ራሱ ከአገር ሸሸ። ኒውተን በ1689 ካምብሪጅን ወክሎ ፓርላማ ገባ።

ለምን ደፈረ? ሕጉ ከእኛ ጋር ነው ብሎ ያምን ነበር፣ ብቻውንም አልነበረም። የሚተማመንበት ነገር ሲኖር ያ ዓይን አፋር ሰው አንበሳ ይሆናል።

በ1696 ከካምብሪጅ ወጥቶ ለንደን ወደሚገኘው የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ ሲሄድም ይኸው ጠባዩ ታይቷል። አገሪቱ በሐሰተኛና በተሸራረፈ ሳንቲም ተጨናንቃለች። ኒውተን ድጋሚ ማተሙን መራ፣ አስመሳዮቹንም ማደን ጀመረ። ዊልያም ቻሎነር የሚባለው ቀንደኛው አጭበርባሪ ሳንቲም ማምረቻውን በፓርላማ ፊት እስከ መክሰስ የደረሰ ደፋር ነበር። ኒውተን ሰላይ እየላከ፣ እስር ቤት ድረስ ምስክር እየለቀመ ማስረጃውን ከመረ። ቻሎነር በ1699 ተሰቀለ። ኒውተንም በዚያው ዓመት መጨረሻ የማምረቻው ዋና ኃላፊ ሆነ። ደመወዙ በዓመት 500 ፓውንድ፣ በዚያ ላይ ከሚመረተው ሳንቲም ድርሻ ነበረው። ሀብታም ሆነ። በ1705 ሰር ተባለ።

1720

እንግዲህ ዋናው ታሪክ ላይ ደረስን።

በ1711 ደቡብ ባሕር ኩባንያ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። የመንግሥትን ዕዳ ይረከባል፣ በምትኩ ከስፔን ግዛቶች ጋር የመነገድ ልዩ መብት ያገኛል። የንግዱ ዋና ዕቃ ምን መሰላችሁ? ሰው። በ1713 በተፈረመ ውል ኩባንያው በዓመት 4,800 አፍሪካውያንን በባርነት ወደ አሜሪካ እንዲያጓጉዝ ተፈቀደለት። የለንደን ሰው የአክሲዮን ዋጋ ሲቆጥር፣ ከቁጥሩ ጀርባ መርከብ ውስጥ ታጭቀው የሚጓዙ የአህጉራችን ልጆች ነበሩ። ንግዱም ቢሆን እንደተወራለት አላተረፈም።

በ1720 ኩባንያው ከመንግሥት ዕዳ ብዙውን ልውሰድ አለ። ለሚኒስትሮችና ለፓርላማ አባላት በድብቅ አክሲዮን አደለ። ሕዝቡ በትንሽ ቅድሚያ ክፍያ፣ የቀረውን ቀስ በቀስ እየከፈለ እንዲገዛ ፈቀደ። እንዲያውም የራሱን አክሲዮን ለሚገዙት ገንዘብ አበደረ! ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ዋጋው ግን ወጣ። በጃንዋሪ 128 ፓውንድ ገደማ የነበረው በሜይ መጨረሻ 500ን አለፈ፣ በበጋው ወደ 1,000 ደረሰ።

ኒውተን የዚህ ኩባንያ አክሲዮን ከዓመታት በፊት ጀምሮ ነበረው። ዋጋው ሲወጣ ምን አደረገ? ትክክለኛውን። በኤፕሪልና በሜይ አብዛኛውን ሸጦ ዳጎስ ያለ ትርፍ ይዞ ወጣ። ያ ወጪውን በሳንቲም የሚመዘግበው ጥንቁቅ ተማሪ ሥራውን ሠራ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይለን ነበር።

ዋጋው ግን አልቆመም። ኒውተን ከሸጠ በኋላም በየቀኑ ወጣ። ያልሸጡት ጎረቤቶቹ በሀብት ላይ ሀብት ጨመሩ። ቡና ቤቱ ሁሉ ወሬው ይኸው ነው። በጁን ኒውተን ተመልሶ ገባ፤ ከሸጠበት ዋጋ እጥፍ በሚሆን ዋጋ፣ ከበፊቱ በበለጠ ገንዘብ። ከዚያ በሴፕቴምበር ሁሉም ተናደ። ወሩ ሲያልቅ አክሲዮኑ ከ200 ፓውንድ በታች ወርዷል። በቤተሰቡ በኩል የተላለፈው ታሪክ ኒውተን 20,000 ፓውንድ ያህል እንደከሰረ ይናገራል። ከመነሻ ደመወዙ ጋር ብናስተያየው የ40 ዓመት ማለት ነው።

ፕላኔቶች መቼ የት እንደሚደርሱ የሚያሰላው አእምሮ እንዴት እዚህ ወጥመድ ውስጥ ገባ? ሒሳብ ስለጠፋው አይደለም፤ የመጀመሪያው ሽያጭ ሒሳቡን እንደሚያውቅ ያሳያል። እኛ ሦስት ነገር ይታየናል።

አንደኛው፣ መለኪያው ተቀየረበት። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1979 ባሳተሙት ታዋቂ ጥናት፣ ሰው ትርፍና ኪሳራን የሚቆጥረው ራሱ ከሚያስቀምጠው መነሻ መሆኑን አሳይተዋል፤ እኩል ከሆነ ትርፍ ይልቅ ኪሳራ እንደሚከብድም ጭምር። ኒውተን በሸጠበት ቀን መነሻው የገዛበት ዋጋ ነበር፤ ስለዚህ አትራፊ ነው። በጁን ግን መነሻው ባልሸጥ ኖሮ የሚለው ሆነ። በዚህኛው ሒሳብ ከኪሱ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ በየቀኑ እየከሰረ ነው። ኪሳራ ውስጥ ያለ የመሰለው ሰው ደግሞ ኪሳራውን ለመመለስ ሲል በሌላ ቀን የማይነካውን አደጋ ይነካል።

ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ማሸነፍ ነው። በውርርድ መጀመሪያ የተበላ ሰው ብዙ ጊዜ ይተዋል፤ መጀመሪያ የበላ ነው የሚቸገረው። ያገኘው ገንዘብ የላቡ ውጤት ስለማይመስለው እጁ ይላላል።

ሦስተኛው የእኛ ግምት ነው። ሰው ሁሉ ሲያተርፍ አንተ ብቻ ተሳስተህ መታየት፣ ዛሬ ወጣቱ ፎሞ የሚለው ነገር፣ ለኒውተን ከሌላው ሰው የበለጠ የሚከብድ ይመስለናል። ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ተሳሳተ መባልን ነው። በ1672 ይህ ፍርሃት ወረቀቱን አስደበቀው። በ1720 ያው ፍርሃት አክሲዮን አስገዛው። ላይ ላዩን ሲታይ አንዱ ጥንቃቄ፣ ሌላው ድፍረት ነው። ሥሩ ግን አንድ ሊሆን ይችላል።

የመጽሐፍ ነጋዴው

በዚያው ገበያ ውስጥ ቶማስ ጋይ የሚባል የመጽሐፍ ነጋዴ ነበር። እሱም ብዙ አክሲዮን ነበረው። ዋጋው ሲወጣ ቀስ በቀስ እየሸጠ ወጣ። ከሸጠ በኋላም ዋጋው ሲጨምር አየ፤ ግን አልተመለሰም። በገንዘቡ ለንደን ውስጥ ሆስፒታል አሠራ። በ1725 የተከፈተው ጋይ ሆስፒታል እስከ ዛሬ በሽተኛ ያክማል።

ጋይ ከኒውተን ይበልጥ ብልህ ነበር? ይህን የሚል አይገኝም። ልዩነቱ የታየው በሸጡበት ቀን አይደለም፤ ሁለቱም በደህና ጊዜ ሸጠዋል። ልዩነቱ የታየው በማግስቱ ነው፤ ያመለጣቸውን ትርፍ ቆመው ሲያዩ።

የአንድ ብር ክብደት

ኒውተን በ1727 በ84 ዓመቱ ሞተ። ዌስትሚንስተር አቢ ውስጥ በታላቅ ክብር ተቀበረ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የዚያን ኩባንያ ስም በፊቱ ሲነሳ መስማት አይወድም ነበር ይባላል። ይሁን እንጂ ድሃ ሆኖ አልሞተም። ትቶት የሄደው ሀብት ከ30,000 ፓውንድ በላይ ነበር።

ይህችን ነጥብ ልብ በሉልን፣ ምክንያቱም ኒውተን እንኳ ከስሮ ተነስቷል የሚል ሰው አይጠፋም። ኒውተን ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1738፣ ዳንኤል በርኑሊ የሚባል የሒሳብ ሊቅ አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ጻፈ። የአንድ ገንዘብ ክብደት የሚወሰነው በያዘው ሰው ሀብት ነው። ለሀብታሙ ሺህ ብር የአንድ ምሳ ግብዣ ነው፣ ለተማሪዋ የወር ትራንስፖርት ነው። ስለዚህ አንዱ ሰው በደህና የሚሞክረው ዕድል ለሌላው ገደል ሊሆን ይችላል። ለሁሉም የሚሠራ አንድ ትክክለኛ ድፍረት የለም።

በእናቷ እቁብ፣ በተበደረው ብር፣ በወንድሙ የስደት ገንዘብ፣ እጥፍ አድርገን እንመልስላችኋለን ወደሚል አፕ የሚገባ ወጣት ዛሬ በየሰፈሩ አለ። ስልኩ ላይ አረንጓዴዋ መስመር ትወጣለች። የቴሌግራም ግሩፑ ያገኙ ሰዎችን ስክሪንሾት ያፈስበታል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ እንቅልፍ የለም። ያ ወጣት 1720 ላይ ቆሟል። ኒውተን ሲወድቅ ማረፊያ ነበረው፤ ሳንቲም ማምረቻው ደመወዙን ይከፍለዋል። ይህኛው ሲወድቅ የሚያርፈው እናቱ ላይ ነው።

ሪስክ አትውሰዱ እያልን አይደለም። ሃሌይ ኪሱን ባይከፍት ፕሪንሲፒያን ባላየን። ኒውተን ጄፍሪስ ፊት ባይቆም ካምብሪጅ አንገቷን በደፋች። ብዙዎቻችን እንዲያውም የምንጎዳው ልንወስደው የሚገባንን ትንሽ ሪስክ በመተው ነው። ያላስገባነው ማመልከቻ፣ ያልጠየቅነው ጥያቄ፣ ሰው ምን ይለኛል ብለን መሳቢያ ውስጥ የቆለፍነው ሥራ። እነዚህ ቢበላሹ የሚያስከፍሉት ትንሽ እፍረት ነው። ያ ሌሊት የሚከፈተው አፕ ግን ሲበላሽ የሚያስከፍለው ሌላ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የጠየቅናችሁን እንቀይረው። ደፋር ናችሁ ወይስ ፈሪ የሚለውን እንተወውና እንዲህ እንጠይቅ። አሁን እየፈራሁት ያለው ምኑን ነው፤ ጉዳቱን ወይስ የሰው ዓይን? ባይሳካ መልሼ የምነሳበት ነገር አለኝ? ኪሳራ ብዬ የምቆጥረውስ በእርግጥ ከኪሴ የወጣ ነው ወይስ ያመለጠኝ ብቻ?

ኒውተን በ1720 ጁን ላይ፣ ሊገዛ ሲነሳ፣ ሦስተኛዋን ብቻ ራሱን ቢጠይቅ ኖሮ ይበቃው ነበር።